ማኒፎልዱን ከማስፈታትዎ በፊት የጭሱን ግፊት ያስለኩ

ጥያቄ፦ «መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ 1.6፣ ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍኢ፣ ማርሿ ማኑዋል። የምኖረው ካዛንቺስ፣ የምሠራው ፒያሳ ነው። ጠዋት በለገሃር በኩል የቸርችልን ዳገት ስወጣ ሰው ከጫንኩ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አትቀበልም። ጓደኛዬ የፋብሪካውን የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ አውጥቼ ሄደር ባስገባ 30 ፈረስ ጉልበት እንደምትጨምርና ቤንዚንም እንደምትቆጥብ ነገረኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ በያጅ በውሃ ቧንቧ ሊሠራልኝ ተስማምቷል፤ ቅዳሜ ቀብድ ልሰጠው ነው። ሶማሌ ተራም ያገለገለ የውጭ ሄደር አይቻለሁ፤ ለእኔ መኪና ይሁን አይሁን ግን ሻጩም አያውቅም። ሌላ መካኒክ ደግሞ ሄደር ከገባ የኋላ ግፊት ስለሚጠፋ ሞተሩ ይደክማል አለኝ። የቱን ልምረጥ?»

ቀብዱን አይስጡ። ሶማሌ ተራ ያዩትንም ለጊዜው ይተዉት። ምክንያቱን በዝርዝር እሄድበታለሁ፤ መልሱ ግን ይህ ነው፦ በዚህ ሞተር፣ በዚህ መንገድና በዚህች ከተማ ከፍታ ላይ የፋብሪካው ማኒፎልድ ጉልበትዎን እየበላ ነው ብዬ አላምንም። የሚበላው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም በአንድ ጠዋት ተለክቶ ሊታወቅ ይችላል። የጓደኛዎም የመካኒኩም አባባል የተሳሳተ ነው፤ መካኒኩ ግን ያየው ነገር አለ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። ሰው ሄደርና ማኒፎልድ ሲል ሁለት የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ዕቃዎች ይመስሉታል። ሥራቸው አንድ ነው፦ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚወጣውን ጭስ ተቀብለው ወደ አንድ ቱቦ ማስገባት። የፋብሪካው ማኒፎልድ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው፤ ክንዶቹ አጫጭር ናቸው፣ ርዝመታቸውም እኩል አይደለም፣ ቶሎ ይገናኛሉ። ሄደር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ረዘም ያለ ቱቦ ያለው፣ የቱቦዎቹ ርዝመት በተቻለ መጠን እኩል ሆኖ ታጥፎ የተበየደ ነው። ፋብሪካው የመጀመሪያውን የመረጠው ስላላወቀ አይደለም። የፈሰሰው ብረት ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ድምፅ ያፍናል፣ ሙቀት ችሎ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ታክሲ ሆኖ ለሚውል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ መኪና ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ሄደር ጉልበት የሚጨምርበት መንገድ ግን እውነተኛ ነው፤ ጓደኛዎ ከባዶ አልተነሳም። ጭስ ከሞተር የሚወጣው እንደ ወንዝ ውሃ ሳይቋረጥ እየፈሰሰ አይደለም፤ የሲሊንደሩ መውጫ በር፣ ማለትም ቫልቩ፣ በተከፈተ ቁጥር እየተገፋ፣ በየተራ ነው። አንዱ ግፊት በቱቦው ውስጥ ሮጦ አራቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ሰፋ ያለ ቦታ ሲደርስ፣ ከዚያ የሳሳ ግፊት ማዕበል ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ይህ ማዕበል የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ ለአፍታ አብረው በተከፈቱበት ቅጽበት ከደረሰ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፤ አዲሱንም አየር ይጎትታል። ሞተሩ ብዙ አየር ሲያገኝ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ቱቦዎቹ እኩል እንዲሆኑ የሚደከምበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ማዕበሉ ለአራቱም ሲሊንደር በእኩል ሰዓት እንዲደርስ።

ነገሩ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ የእርስዎ ዳገትም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በጋለ ጭስ ውስጥ ማዕበሉ በሰከንድ ከ500 ሜትር በላይ ይሮጣል። 80 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ደርሶ ለመመለስ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር፣ የጭስ ቫልቩ ከተከፈተበት ጀምሮ ሁለቱ ቫልቮች አብረው እስከሚከፈቱበት ድረስ ያለው ጊዜ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ማዕበሉ ገና ጉልበት እያለው ይደርሳል። በ2,500 ዙር ግን ያው ጊዜ ወደ 15 ሚሊሰከንድ ይረዝማል፤ ማዕበሉ አራት አምስት ጊዜ ተመላልሶ ደክሞ ጠፍቷል። ቸርችልን በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፊትዎ ሚኒባስ እየቆመ እየተነሳ ሲወጡ ሞተሩ የሚዞረው ከ2,000 እስከ 3,000 ባለው ውስጥ ነው። በዚህ ዙር ላይ ሄደር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ በደንብ ካልተሠራ ደግሞ ይቀንሳል።

በዚያ ላይ የእርስዎ ሞተር የተሠራበት ዓላማ አለ። ቶዮታ ፎር ኤ ኤፍኢን ያወጣው ለቁጠባና ለዕለት አገልግሎት ነው፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ሁለቱን ቫልቮች አብሮ ከፍቶ የሚያቆይበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ሄደሩ የሚስበው በዚያ ክፍተት በኩል ስለሆነ፣ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ የሚሳበው ነገርም ጥቂት ነው። ያው ኩባንያ፣ በዚያው የ1.6 ሊትር ቤተሰብ፣ ፎር ኤ ጂኢ የሚባል የስፖርት ሞተር ነበረው፤ የመጨረሻዎቹ ባለ 20 ቫልቭ ዓይነቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ሄደር መሰል የቱቦ ማኒፎልድ ነበራቸው። ግን ቱቦው ብቻውን አልመጣም። ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ (ቴስታታው)፣ የአየር መግቢያው፣ ከ7,000 ዙር በላይ የሚሄደው አሠራር፣ ሁሉም አብሮ ነው የመጣው። ከዚያ ሁሉ አንዱን ቆርሶ የእርስዎ ሞተር ላይ መለጠፍ የቀረውን አያመጣም።

30 ፈረስ ጉልበት የሚለውን እንዲያውም መከራከር አያስፈልገውም። የዚህ ሞተር ጠቅላላ ጉልበት በባህር ጠለል ላይ፣ አዲስ እያለ፣ ከ100 ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ሌላ ምንም ሳይነካ፣ በደንብ የተሠራ ሄደር ብቻ ቢገባለት ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ ያውም ከላይ ባለው ዙር። እግር በጋዝ ላይ ተቀምጦ የማይታወቅ ልዩነት ነው። ሰው ግን ልዩነቱን ያወቀ ይመስለዋል፤ ድምፁ ስለሚጎላ። የጎላ ድምፅ ፍጥነት ይመስላል፤ ሰዓት ይዞ ሲለካ ግን ያው ነው።

አሁን ስለ አዲስ አበባ። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያልፋል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ጉልበቱ ከ20 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ፋብሪካው 110 ያለው ሞተር እዚህ 85 አካባቢ ቢሰጥ ጤነኛ ነው። አዳማ ወርደው ያውቁ እንደሆነ መኪናዎ ነፍስ ስትዘራ አስተውለው ይሆናል፤ ማንም ምንም አልነካትም፤ አየሩ ስለወፈረ ነው። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። መቶኛው ሲሰላ መነሻው ራሱ ያነሰ መሆኑን እንዲያውቁ ነው፦ ሄደሩ 4 በመቶ ቢጨምር ከ110 ላይ ሳይሆን ከ85 ላይ ነው፤ ሦስት ፈረስ ጉልበት አካባቢ። የከፍታውን ጉድለት የሚሞላው አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ነው፤ ጭሱን በምንም ዓይነት ቱቦ ቢያስወጡት የሳሳው አየር አይወፍርም።

የኋላ ግፊት ያስፈልጋል ወዳለዎት መካኒክ ልመለስ። የኋላ ግፊት ማለት ጭሱ ሲወጣ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው፤ ለየትኛውም ሞተር አይጠቅምም። ፒስተኑ ጭሱን ለመግፋት የሚያወጣው ጉልበት ሁሉ ከጎማው ላይ የሚቀነስ ነው። መካኒኩ ያየው ግን እውነት ነው፤ ወፍራም ቱቦ ያስገቡ መኪናዎች ከታች ይደክማሉ። የሚደክሙት ግፊት ስለጎደላቸው ሳይሆን የጭሱ ፍጥነት ስለወደቀ ነው። በሰፊ ቱቦ ውስጥ ጭሱ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከኋላው የሚተወው መሳሳትም ደካማ ይሆናል። ለ1.6 ሊትር ሞተር የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቱቦ ውፍረት ከ38 እስከ 42 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ 50 ሚሊሜትር «ለመተንፈስ» ተብሎ ሲገባ ዳገት ላይ የሚፈልጉትን የታች ጉልበት ይወስዳል። የአገናኙም አሠራር ለውጥ አለው። አራቱ ቱቦዎች በአንድ ቦታ የሚገናኙበት ዓይነት ለላይኛው ዙር ያደላል፤ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ተጣምረው ቀጥሎ አንድ የሚሆኑበት ደግሞ ለመካከለኛው ዙር ይስማማል። ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው መግዛቱ ካልቀረ ሁለተኛውን ነው መግዛት ያለበት።

ስለ ውሃ ቧንቧው ጠንከር ብዬ ልናገር፤ እዚህ ጋ ነገሩ ከጉልበት አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል። የውሃ ቧንቧ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንኩ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ያሲዘዋል። መኪናው ላይ ከገባ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ሲጫነው የጭሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ያልፋል፤ ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። የቧንቧው ክርኖች ሹል ናቸው፤ ጭሱ ይጋጫል እንጂ አይታጠፍም። ከውስጥ በኩል የብየዳው ጠብታ ይቀራል፤ የቱቦው አፍና የቴስታታው ቀዳዳ ልክ ካልገጠሙ ደረጃ ይፈጠራል። እንዲህ ያለ ሥራ ከፋብሪካው ማኒፎልድ የባሰ ጭስ ያፍናል። በዚያ ላይ በያጆቻችን ቴስታታው ላይ የሚቀመጠውን ጠፍጣፋ ብረት ብዙ ጊዜ ከቀጭን ላሜራ ይቆርጡታል። ይህ ብረት 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ካልወፈረ ሙቀት ሲመላለስበት ይቆለመማል፤ ከተቆለመመ በመካከሉ የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አይይዝም፤ ጭስ ማፍሰስ ይጀምራል።

የሚፈሰው ጭስ ሁለት ጉዳት አለው። ቀላሉ የቤንዚኑ ነው፤ መኪናዎ የኦክስጅን ሴንሰር ካላት፣ ከሴንሰሩ በፊት ባለው ቀዳዳ በየግፊቱ መካከል ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሴንሰሩ «ቤንዚን አነሰ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ሊቆጥቡ የገቡበት ሥራ ቤንዚን ያስበላዎታል። ከባዱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ክረምት ላይ መስኮት ዘግተው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆሙ፣ ከሞተሩ ክፍል ያመለጠው ጭስ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ቀጥሎ ድካምና እንቅልፍ። ከኋላ ወንበር ልጅ ካለ ከእርስዎ በፊት እሱ ይጎዳል። በቤት የተሠራ ሄደር ያለው መኪና ይዞ መጥቶ «መኪናዋ ውስጥ ስገባ ራሴን ያመኛል» ያለኝ ደንበኛ ነበር። በሞተሩ ጎን ሦስት ቦታ ጥቁር የጥላሸት ጅራት አየሁ። ያን ዕለት ነድቶ እንዲሄድ አልፈቀድኩለትም፤ የድሮው ማኒፎልድ ጋራዡ ጥግ ተጥሎ ስለነበር መልሰን አስገባንለት።

ሄደር ቀጭን ስለሆነ ወደ ውጭ የሚለቀው ሙቀትም ይበዛል። በእርስዎ ሞተር የጭሱ ጎን ወደ ራዲያተሩ ነው፤ የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ሽቦዎች፣ የላስቲክ ቱቦዎች ቅርብ ናቸው። ፋብሪካው የሸፈነበት ላሜራ ሄደር ላይ አይገጥምም። ሰዎች ለዚህ ሙቀት የሚይዝ ጨርቅ ይጠቀልሉበታል፤ በተራ ብረት ላይ ከሆነ ጨርቁ የክረምቱን ውሃ ይዞ ብረቱን ከሥር ያዝገዋል። ሳይታይ ነው የሚበሳው።

ታዲያ መኪናዋ ለምን ትደክማለች? ከጭሱ ልጀምር፤ ጥያቄዎ እሱ ነውና። ጭሱ ታፍኖ እንደሆነና እንዳልሆነ መገመት አያስፈልግም፤ በጌጅ ይለካል። የመጀመሪያው ኦክስጅን ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው ዝቅተኛ ግፊት የሚለካ ጌጅ ይገባል። ሞተሩ ሞቆ ጋዝ ሳይረገጥ ባለበት ሲዞር ግፊቱ ከ0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ በ2,500 ዙር ሲያዝ ደግሞ ከ0.2 ባር ካልበለጠ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሄደር የሚፈታው ችግር የለም። ከዚያ ከበለጠ የታፈነው ከጌጁ በኋላ ያለው ነው፤ ማለትም ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ወይም ድምፁን የሚያፍነው ማርሚታ። ሁለቱም ማኒፎልዱን ሳይነኩ ይቀየራሉ። ሴንሰር የሌላት ከሆነች የአየሩን መሳሳት የሚለካ የቫኩም ጌጅ በአየር መግቢያው ማኒፎልድ ላይ አስገብቶ በ2,500 ዙር ጥቂት ማቆየት ነው፤ መርፌው ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ መታፈን አለ።

እንደ እርስዎ ሄደር ፈልጎ የመጣ አንድ ሰው አስታውሳለሁ። ጌጁ በ2,500 ዙር ግማሽ ባር አነበበ። ማርሚታውን አውርደን ስንነቀንቀው ውስጡ ይንኳኳል፤ የውስጥ ግድግዳው ተገንጥሎ ቀዳዳውን ዘግቶት ነበር። ማርሚታ ቀየርንለት፤ ማኒፎልዱ እስከ ዛሬ የፋብሪካው ነው።

እዚህ ከተማ ላይ መካኒኮችን ሳይቀር የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ ስለሚያስወጣው ገንዘብ ቆም ብዬ ልናገረው። የጥገና መጽሐፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች የተጻፉት ለባህር ጠለል ነው። የሲሊንደር ግፊት (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚለካው) 13 ባር መሆን አለበት የሚል መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ 10 ባር ቢነበብ ሞተሩ አላረጀም፤ አየሩ ነው የሳሳው። ቫኩሙም እንዲሁ፦ መጽሐፉ ባለበት ሲዞር ከ17 እስከ 22 የሜርኩሪ ኢንች ይላል፤ እዚህ ከ10 እስከ 14 ቢያነብ ደህና ነው። ይህን ሳያሰላ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ያስፈታ ሰው አይቻለሁ። እዚህ ልብ የሚባለው የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። አራቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ጥሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ1 ባር በላይ ካነሰ ያኔ ምርመራ ይገባል።

ቀጥሎ የእሳቱ ሰዓት፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት። ፎር ኤ ኤፍኢ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር አለው፤ ከተነቃነቀ እሳቱ ይዘገያል፤ የዘገየ እሳት የመጀመሪያ ምልክቱ ዳገት ላይ መድከም ነው። በታይሚንግ መብራት ሲለካ ሞተሩ ክፍል ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ መገናኘት አለባቸው፤ ያኔ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀድሞ መነበብ አለበት። ሳይገናኙ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ብዙ ጋራዥ ግን ሳያገናኝ ነው በጆሮ የሚያስተካክለው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጊያ በቅርቡ ተቀይሮ እንደሆነም ያስታውሱ። በአንድ ጥርስ ተሳስቶ ከገባ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ግን ሰው የተጫነበት ያህል ይከብደዋል። ካንዴላ፣ የአየርና የቤንዚን ፊልትሮ የታወቁ ናቸው፤ አልዘረዝራቸውም። ፍሪሲዮኑን ግን ራስዎ ይሞክሩት፦ ዳገት ላይ ሞተሩ ጮሆ ዙሩ ሲጨምር ፍጥነቱ ካልተከተለ እየተንሸራተተ ነው። ፍሬን እንዳልያዘም መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማዎቹን በእጅ ያዙሩ። ጉልበት ሁልጊዜ ከሞተር ብቻ አይጠፋም።

ሄደር የማይረባ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም። ካምሻፍቱ ለተቀየረ፣ ኮምፒውተሩ ለተስተካከለለት፣ ከፍ ባለ ዙር ለሚነዳ ሞተር ሄደር ግዴታ ይሆናል፤ ያኔ ማኒፎልዱ እውነትም ማነቆ ነው። የፋብሪካው ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ተመሳሳዩ ካልተገኘም በጥሩ የተሠራ ሄደር ማስገባት ተገቢ ነው። ቱርቦ ላለው የናፍታ መኪና ግን ሌላ ሕግ ነው፤ ማኒፎልዱ ቱርቦውን ተሸክሞ ሙቀቱንም ጠብቆ ያደርስለታል፤ ቀጭን ቱቦ እዚያ ቢገባ ከቱርቦው ክብደት የተነሳ ይሰነጠቃል። እንደ ቪትዝ ያሉ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ካታላይዘሩ ከማኒፎልዱ ጋር ወይም አጠገቡ ስለሆነ፣ ሄደር ማስገባት ማለት ካታላይዘሩን መጣል ማለት ነው። የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል፤ ከኋላዎ በእግሩ የሚሄደው ሰው ደግሞ ያልተጣራውን ጭስ ይተነፍሳል። ይህ ለሦስት ፈረስ ጉልበት የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

የእርስዎ ማኒፎልድ የተሰነጠቀ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ኖሮ ሲሞቅ ከጠፋ፣ ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ስንጥቁን እየደፈነው ነው፤ ወይም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ሽፋኑን አንስተው የጥላሸት መስመር ይፈልጉ። ከተሰነጠቀ በተራ ኤሌክትሮድ አያስበይዱ፤ ለዚህ ብረት የተለየ የኒኬል ኤሌክትሮድና ቀድሞ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። ከዚያ ይልቅ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የፋብሪካ ማኒፎልድ ይፈልጉ። የድሮውን ጓርኒሲዮን ይዘው ይሂዱና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ «የፎር ኤ ነው» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም፤ ያ ቤተሰብ ብዙ ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊቱ ላይ ያስቀምጡ፤ ከሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ቶርኖ ቤት አስልጠው ነው የሚያስገቡት። ያዩትን ሄደርም በዚሁ መንገድ ይመዝኑት። ማግኔት የሳበው ሁሉ መጥፎ ነው አይበሉ፤ ከማይዝግ ብረትም ማግኔት የሚስብ ዓይነት አለ። ይልቅ ብየዳዎቹን፣ የጠፍጣፋውን ብረት ውፍረትና ሴንሰር መግቢያ ያለው መሆኑን ይዩ።

የተፈታ ማኒፎልድ መቼም ለቆራሌው አይስጡ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያሉን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ የፋብሪካ ዕቃ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው የሚሄደው። የሚያስፈታ ጉዳይ ከመጣም ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ይሁን፤ ዳዶዎቹ ላይ ከዋዜማው ዘይት ይደረግ። ቴስታታው ውስጥ የተሰበረ ቡሎን ማውጣት ከማኒፎልዱ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ሲታሰር ከመሐል ወደ ዳር፣ በየተራ፤ አንድ ቀን ከተነዳ በኋላ ደግሞ ቀዝቅዞ እንደገና ይጥበቅ።

ቅዳሜ ለቀብድ ያሰቡትን ገንዘብ ይዘው ጌጅ ያለው ጋራዥ ይሂዱ፤ ጌጅ ከሌለው ሌላ ይፈልጉ። ሦስት ነገር ያስለኩ፦ የጭሱን ግፊት፣ የአራቱን ሲሊንደር ግፊት፣ የእሳቱን ሰዓት። ቁጥሮቹን በወረቀት ያስጽፉ። የጭሱ ግፊት በ2,500 ዙር ከ0.2 ባር በታች ከሆነ ማኒፎልዱ ባለበት ይቆይ። ከበለጠ መጀመሪያ ማርሚታውን ያስወርዱና ያለ ማርሚታው እንደገና ያስለኩ፤ ቁጥሩ ከወረደ በያጁን የሚፈልጉት ለማርሚታው ነው፤ ካልወረደ ካታላይዘሩን ያሳዩ።